ኻላ ሸፊቃ ሸራውን የቀደዱበት ቀን

ዛሬ አፈር ልናለብሳቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ኤደን ሙሉ ኻላ፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራቸው የወንድሜ ሚስት ሸፊቃ፣ በሙከላ ከተማ ከጀልባ ሸራ ሰፊው ከሳሊም ባዋዚርና ከእናታቸው ከጁምዓ ተወለዱ። ከሼኹ ዘንድ ቁርኣን ቀሩ፣ ከአባታቸው ዘንድ ሸራ መስፋት ተማሩ። የሴት መርፌ ጥልፍ እንጂ ሸራ አይነካም ያሉ ነበሩ፤ የእነዚያን ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ወንድሜን ዐወድን አግብተው የወለዱትን የበኩር ልጃቸውን ፈንጣጣ ወሰደባቸው። ሁለተኛዋን፣ ለውዛን፣ ታቅፈው በጀልባ ወደ ኤደን ስንመጣ፣ ከመርከበኞቹ አንዱ ፊቱ ላይ ፈንጣጣ ስለወጣበት እንግሊዞች ከወደቡ ውጭ ባለችው ደሴት ሁላችንንም አውርደው ያልተከተበ ከተማ አይገባም አሉ። ወንዶቹ ክንዳቸውን ሰጡ። እኛ ሴቶቹ ግን ለባዕድ ወንድ ገላችንን ከምናሳይ ከነልጆቻችን እዚሁ እንሙት ብንል ባሎቻችን እሰይ አሉ፤ እነሱማ ተከትበዋል።

ኻላ ሸፊቃ ለውዛን እያዩ እንቅልፍ አጡ። ሲነጋ የጀልባውን ሸራ እንደ መጋረጃ ሰቅለው ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀደዱበት። የጀልባው አለቃ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ነፋሱን በቀሚስሽ ልያዘው?» ቢላቸው፣ «ሸራዎን እሰፋዋለሁ፣ አባ። ልጄን ከቀበርኩ ማን ይሰፋልኛል?» አሉት።

ተሰለፍን። ነገር ግን ቁስሉ እንዳያመረቅዝ እንደ ወጋችን ክንዳችንን አስቀድመን እርድ ተቀብተን ነበርና፣ የእንግሊዞቹ ሐኪም በቀዳዳው ቢጫ ክንድ ሲወጣለት የወፍ በሽታ ገባ ብሎ ጀልባዋ ወደ ባሕር ትመለስ ሲል አዘዘ። ያን ጊዜ ኻላ ሸፊቃ ከመጋረጃው ወጥተው በባል ፊት፣ በአማት ፊት፣ ክንዳቸውን በባሕር ውኃ አጥበው አሳዩት፤ ለውዛንም አስቀድመው ሰጡት። ሐኪሙ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ከተማ ከገባን በኋላም እንዳኮረፈ ቆየ። በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ሰፈራችን ገብቶ ጎረቤት ሁሉ ሕፃን ሲቀብር የእሱ ልጅ ግቢ ውስጥ ስትድህ አያት፤ ከዚያ ወዲህ ሚስቱ በየጀልባው እየገቡ ሴቶችን እንዲያስከትቡ እስከ ወደቡ የሚሸኛቸው እሱ ራሱ ሆነ።

ኻላ ሸፊቃ አራት ልጆች ጨምረው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ደረታቸውን ጥቂት ታመው ትናንት ዐረፉ። አምስት ልጆችና ቤት የማይበቃቸው የልጅ ልጆች ትተውልናል። ዛሬ ጠዋት ገላቸውን ያጠበቻቸው ለውዛ ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ነበርና የክትባቱን ጠባሳ ሁላችንም አየነው።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ በጀነት ያኑራቸው። ጮክ ብላችሁ አሚን በሉ።