ጉንፋን የያዛት ወፍ

እትዬ፣ ተመችቶዎታል? ያንን ብርድ ልብስ እግርዎ ላይ ጣል ያድርጉት እንጂ፤ ውኃው ሲረጭ ይቀዘቅዛል። እኔማ ይኸው ከትናንት ጀምሮ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ እንደሚሰሙት ጎርንኗል። ሞተሩ ስለሚጮህ ጮክ ብዬ ባወራ አይቀየሙኝ። ከፊት የተቀመጡት ቢሰሙስ ምን ችግር አለው? የሰው ስም አላነሳን...

እርስዎ ጀልባው ላይ ጥላ ሥር በመቅረትዎ ስንት ነገር አመለጠዎት! ወደቡ ስንደርስ የደሴቷን አስጎብኚዎች ማን እንደሚመራ እትዬ ይናገራሉ ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ያወራል። እኔ በሹመቱ ምን አገባኝ? የእህትዎን ልጅ እንዴት እንደሚወዱት ደግሞ አገር ያውቃል፤ የእህት ልጅ የራስ ልጅ አይደል? ይኼ የማጫውትዎት ግን ስለ ሌላ ሰው ነው።

እና ያ ሰው... ከጀልባው ሲወርድ የነበረው ግርማ ሞገስ! ባርኔጣው፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው የሩቅ መነጽር! ሌንሱ ላይ ክዳኑ እንዳለ ነው እንጂ እንዴት ያምርበታል መሰለዎት። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ላይ ደቅኖ «ያውላችሁ እዚያ ማዶ!» ሲለን ዋለ። ክዳን ሳያነሱ ማየት መታደል ነው እኮ። እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ሳስጎበኝ ከፍቼ ነው የማየው።

ኤሊም አሳየን። ምን ዓይነት ጨዋ ኤሊ! አትላወስ፣ አንገቷን አታወጣ። ዕድሜዋን ነገራቸው፣ ጠባይዋን ነገራቸው፣ እንግዶቹም ፎቶ አነሷት። ኋላ አንዲት ሴትዮ ጫማዋን ልታስር ብላ ቁጭ አለችባት። ቁጭ አለችባት እትዬ! ኤሊዋ ዝም። እሱም ወደ ባሕሩ ዞረ። ምን ያድርግ ታዲያ? ድንጋይን እንዲህ በክብር የሚያስተዋውቅ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ዋናው ግን የወፏ ነገር ነው። መቼም እንግዳው ሁሉ ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ያንን ሰማያዊ ጉሮሮዋን ለማየት መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን እንቁላሏን የታቀፈችበት ጊዜ ነው። ባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «በዚህ ወቅት ማንም ድምጿን አስመስሎ እንዳይጠራት፤ ሌላ ወፍ መጣብኝ ብላ ጎጆዋን ጥላ ትወጣለች፣ እንቁላሉን አሞራ ይለቅመዋል» ሲሉ ስንቴ ሰምተናል? እኛ የድሮ ሰዎች ስለሆንን ቁጭ ብለን መጠበቅ ብቻ ነው የምናውቀው። አዲስ ሰው መጠበቅ የት ይወዳል? ስልኩን አወጣና የተቀዳ ድምጿን... ፊው፣ ፊው፣ ፊይይይ... ለቀቀው። ጎጆዋ ደግሞ ከፊቱ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ! እሱ የት ያያታል፣ ክዳኑ አልተነሳ...

እኔ ታዲያ በዚያው ቅጽበት ሆዴን ቆረጠኝና ወደ ዳገቱ ዘወር አልኩ። ሴት ልጅ ዘወር ስትል የት ሄደች ተብሎ አይጠየቅም መቼስ።

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወፏ መለሰች! ከዳገቱ በኩል። «ሰማችሁ? መለሰችልኝ!» ብሎ እንግዶቹን ይዞ ወደ ዳገቱ ተጣደፈ። እዚያ ሲደርስ ወፏ ከረግረጉ በኩል ጠራችው። ወደ ረግረጉ ወረደ። ከዚያ ከእሾሁ በኩል... ወደ እሾሁ ገባ። ታዛዥነቱ እኮ ነው! ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለቀለቀው በዚህ ነው። አሁን አይመልከቱት እትዬ፣ ካዩት ያፍራል።

አንድ ሽማግሌ እንግዳ «ድምጿ አልጎረነነም?» ብለው ጠየቁት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «ይኼ የወንዱ ነው፤ ሲያረጅ ይጎረንናል።» አቤት ዕውቀት! አንዴማ ወፏ አስነጠሰች። እውነቴን ነው የምልዎት፣ አስነጠሰች! እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ግን ምንም ሳይደነግጥ «የማስጠንቀቂያ ድምጿ ነው፤ ብርቅ ነው፣ ቅዱት» አላቸው። ቀዱት።

ስመለስ በጎጆዋ በኩል ሳልፍ በቅጠሉ መሀል አየኋት። እንቁላሏን ታቅፋ ዝም ብላለች፤ ከምን እንደተረፈች እንኳ አታውቅም። ደስታው እንባዬን አመጣው እትዬ። ነገም ከነገ ወዲያም እዚያች ደሴት ላይ የሚወርደው ያ ስልክ ከሆነ ግን... ተውኩት። የሰው እንጀራ መዝጋት አልወድም።

ይቅርታ... እጥ... እጥሽሽ! ኧረ ይማርሽ ይበሉኝ!

ምነው እንግዶቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ? ሽማግሌው ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው የቀዱትን ያዳምጣሉ። «እጥሽሽ!» ይላል አይደል? በድጋሚ ከፈቱት... እንዴት ነው የሚስቁት! ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነው ያልሳቀ። ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋው። ፀሐዩ ነው መሰለኝ... ጆሮው ሁሉ ቀልቷል።

ይኸው ወደቡም ታየ። ሹመቱን ለማን እንደሚሰጡት እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ፤ ለእሱ ከሆነም እሰየው፣ አልቀየምም። ምርቃቴን ብቻ ያድርሱልኝ። እግዜር የልቡን ይስጠው፣ በሄደበት ሁሉ ሞገስ ይሁነው። ለእሱ ሲል ደግሞ ለእኔ ዕድሜና ጤና ይስጠኝ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በጠራ ቁጥር የምትመልስለት ወፍ አያጣም። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ... እሱም ይበል።