ጋሼ አምባዬ የቋጠሩት ገመድ

ጋሼ አምባዬ፣ እዚህ ማርቆስ፣ አውቶቡሱ ግቢ መጀመሪያ የመጡ ቀን ተሳፋሪ እንደነበሩ የሚያስታውስ ከእኔ፣ ከባለመኪናውና ከሹፌራችን ከአበረ በቀር የለም። ደጀን ሊሄዱ ነበር። አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ዞሩና አበረን፣ «ይኼ መቼ ነው የሚነሣው?» አሉት።

«ሲሞላ።»

«የሚሞላውስ?»

«ሰው ሲመጣ።»

«ሰውስ መቼ ነው የሚመጣው?»

«የሚነሣ ሲመስለው ነዋ፣ አባቴ።»

እርስዎም አቁማዳዎን አስቀምጠው፣ «እንግዲያማ አይነሣም ማለት ነው» ብለው ቁጭ አሉ። እውነትም የተነሣው በማግስቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ግሪኩን ባለመኪና ሙሴ ኒቆላን ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ፣ ግሪክ አገር እንዲህ ያለ ጭቃ ይኖር እንደሆነ ሲጠይቁት ውለው፣ ሙሴ ደክሞት፣ ይህን ሰው ወይ ቅጠሩልኝ ወይ አስወጡልኝ አለ። ሠላሳ ዓመት የነጋዴ በቅሎ ሲጭኑ የኖሩ ናቸውና ጭነት አሳሪ ሆነው ተቀጠሩ።

ይህን የመሸኛ ንግግር የማነበው ከወረቀት ነው። የጻፍኩትም እኔው፣ የአውቶቡሱ ረዳት እንዳላማው ነኝ። ማታ ማታ መሪጌታ አንሙት ዘንድ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። እንዳንተ ያለ ፈጣን ተማሪ አላየሁም ብለውኛል። አላሉም የሚል ካለ፣ ይኸው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ግን ጠላቸውን እየጠጡ ስለሆነ አሁን ባይጠይቃቸው ይሻላል።

የጋሼን ጠባይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማንን አቁማዳ ቢያነሡ ምን እንደያዘ፣ ለማን እንደሚሄድ፣ ለምን ዛሬ እንደሚሄድ ሳይጠይቁ አያስሩም። አንድ ቄስ ስለ እግራቸው እብጠት ሲጠየቁ ቆይተው፣ ወርጄ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል ብለዋል። አንዷን ጠባይ ግን አናውቃትም ነበር። ወገባቸው ላይ ቁራጭ ገመድ ነበረች። አውቶቡሱ ሞልቶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ባለፍን ቁጥር፣ ገመዷን ይዘው አንድ ነገር ይቋጥራሉ። አበረ ድግምት ነው ብሎ ፈራ። እኔ ጸሎት የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ለቀረ ሰው ነው» አሉኝ። «የቀረውን ማን ያስታውሰዋል?»

ብዙዎቹ ቋጠሮዎች የአምበር ነበሩ። ከደጀን ስንመለስ አምበር የምንደርሰው ሞልተን ነው። እዚያ የብርጓል የምትባል ሴት፣ ዓይናቸው የታመመ እናቷን ይዛ ማርቆስ ወዳለው ሐኪም ለመምጣት ሦስት የገበያ ቀን ቆማ ሦስቱንም አለፍናት። ሐኪሙ አስቀድሞ፣ ሕክምናው ከዘገየ ዓይናቸው ይጠፋል ብሏት ነበር።

በዚያን ጊዜ የከተማው ሽማግሌዎች ምክር ቤት ሰው ጥሎ ያልፋል ብሎ ባለመኪናውን ይከስሳል፤ ባለመኪናው መንገዱን ይከስሳል፤ አንድ ላይ ግን ተቀምጠው አያውቁም። ጋሼ ሁለቱንም ለምነው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና ገመዷን መሀላቸው ዘረጉ። የምክሩ ሰብሳቢ፣ ግራዝማች ድረስ የሚባሉት፣ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት። ሙሴ ኒቆላ ደግሞ ቆጠረ፤ ሠላሳ ስምንት። ያን ቀን ተስማሙ። ሙሴ መኪናው ሞላም አልሞላም ከደጀን ፀሐይ ስትወጣ ያስነሣል፤ አራት ቦታም ለአምበር ባዶ ይዞ ይመጣል። ምክሩ የአምበርን ማጥ በድንጋይ ያስሞላል፤ ቀኑንም ከቅዳሴ በኋላ ያስነግራል። ሙከራው ሦስት የገበያ ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ቦታው ባዶውን ከቀረ ግን ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ አምበር ላይ አይቆምም።

በመጀመሪያው ቀን አራቱም ቦታ ሞላ። ወረፋው ግን ረጅም ስለነበር የብርጓል አሁንም ቀረች። ያኔ የተማረው ሰው፣ ማለትም እኔ፣ ገመድ የመሀይም ነው አልኩና ደብተር ይዤ ወረድኩ። የቀሩትን ሁሉ ስማቸውን ጠይቄ፣ አሳምሬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ገበያ አምበር ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ውሻ እንኳ አልነበረም።

ድምፄን ዝቅ ላድርግና፣ በዚህ በጣሊያን ጊዜ ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ወይ ለመንገድ ሥራ ይነዳል፣ ወይ ልጅህ ጫካ ገብቷል ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ፊደሌን ሳደንቅ ይህ አልታየኝም። ሙሴ፣ «የታል ሰዋችሁ?» አለ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ከሦስተኛው ገበያ በፊት ለነበረው እሑድ እንድንደርስ በዋዜማው ተነሥተው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው፣ አምበር ድረስ በእግር ይዘውኝ ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ አቁመው፣ ደብተሩን በቢላዋ እየቆረጥኩ ለእያንዳንዱ ስሙን እንድመልስለት አደረጉኝ። የብርጓል ቁራጯን ገለባበጠቻት።

«ይቺ ናት እኔ?» አለች።

«አዎ።»

«እናቴስ?»

እናቷን አልጻፍኳቸውም ነበር። ጋሼ ገመዷን አውጥተው ሁለት ቋጠሮ አስነኳት፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእናቷ። የብርጓል ስሟን ጡቷ ሥር ከተተችና፣ «እንመጣለን» አለች።

መጡ። አራቱም ቦታ ሞላ፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ ቀርቶ አያውቅም። የእናቷ አንዱ ዓይን ተርፏል። ይህን የምንጠጣውን ጠላ የላኩት እሳቸው ናቸው።

ጋሼ፣ ሰው የሌላውን ስም ከመጻፉ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ እንዳለበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ልጅዎ ዘሪቱ ልትጦርዎ መርጡለ ማርያም ትወስድዎታለች። የዚያ አገር ሽማግሌዎች ከወዲሁ መልስ ያዘጋጁ።

በሉ ዋንጫችሁን አንሡ። ጉልበትዎን ይጠግንልዎ፤ የልጅ ልጅዎ ጥያቄ እንደ እርስዎ ይብዛ። ዛሬ ጧት ገመዷን ሰጥተውኛል። ቋጠሮ ለቀረ ሰው ነው ብለውኝ የለ? ዛሬ እርስዎ ተሳፋሪ፣ የቀረነው እኛ ነን። ከመጠጣቴ በፊት ይቺን አንዷን ልቋጥር።