ጋሼ ዳኘ ጠመኔውን ያስቀመጡ ዕለት

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ጠጁም ብርዙም አይሸሽም። «ጵርስቅላ፣ አጠር አድርጊው» ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ማን እንደሰጠኝ አልናገርም፣ ርዕሰ መምህራችን አቶ ተገኘ ናቸው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማሩንን ሰው በሁለት ቃል መሸኘት ነውር ነው። ጋሼ ዳኘ፣ ዛሬ እርስዎ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሰዓትዎንም ወደ ኪስዎ ይመልሱ፣ አይቼዎታለሁ!

እኚህ ሰው ሆሳዕና የገቡት በ1942 ዓ.ም. ነው፣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭነው። የእንግሊዝኛ መምህር ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ አራት ሽማግሌዎች ሊቀበሏቸው ወጥተዋል። አንዱ አባቴ ነበር፤ በሕይወት ሳለ ይህን ባወራ ቁጥር ዕንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። ጋሼ ዳኘ ከመኪናው ዘለው ወረዱ፣ ሻንጣቸውን አነሡ፣ «ጤና ይስጥልኝ! ጤና ይስጥልኝ!» እያሉ በሽማግሌዎቹ መሐል ሰንጥቀው አለፉ። ሳይቆሙ! በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ሳይጠየቅ አይታለፍም። ሽማግሌዎቹ ጥያቄያቸውን እንደያዙ ተከተሏቸው። እሳቸው ዞር ብለው ሲያዩ ዱላ የያዙ አራት ሰዎች! ፈጠን አሉ። ሽማግሌዎቹም ፈጠን አሉ። ኋላማ እግሬ አውጪኝ ብለው አንድ የጉራጌ ሱቅ ውስጥ ገቡና «አድነኝ ወንድሜ፣ ሽፍቶች ተከተሉኝ!» አሉ። ባለሱቁ አንገቱን አውጥቶ አየና «ጌታው፣ እነዚህ እኮ እንዴት ዋሉ ሊሉዎት ነው» አላቸው።

ራስዎን አይነቅንቁ ጋሼ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው!

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ተሻላቸው? ምን ይሻላቸዋል! መንገድ ላይ ሰላም ብላችኋቸው መልሱ የሚደርሳችሁ ከጀርባቸው ነው። ትምህርት የሚጀምሩት ገና ከበሩ ውጭ ስለሆነ እሳቸው ክፍል ሲገቡ ዓረፍተ ነገሩ ተጋምሷል። አንድ ቀን የጎረቤት ወይፈን ክፍል ድረስ ገብቶብን እኛ ጠረጴዛ ላይ ወጥተን ስንጮህ፣ እሳቸው ወይፈኑን በማስመሪያ እየገፉ «ቀጥሉ፣ ማን ነው ተረኛ?» ይሉ ነበር። አቶ ተገኘ ራሳቸው በር ላይ መጥተው «አንድ ጊዜ፣ መምህር» ቢሉ፣ ጋሼ ዳኘ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠመኔውን ወደ ላይ ቀሰር አደረጉ። ርዕሰ መምህሩ ደወል እስኪደወል ውጭ ቆሙ። ዛሬ አጠር አድርጊው ያሉኝ በዚያ ቂም ይሆናል።

የሚገርመው፣ እኚህ መቆም የማያውቁ ሰው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ትምህርት ስለ መቆም ነበር። «ሂ ፖዝድ ፎር ኤ ሞመንት!» ይላሉ ጣታቸውን አንሥተው፤ ለአፍታ ገታ አለ ማለት ነው። እንግሊዞች በሥራ መሐል ገታ የሚሉበትን አባባል ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይደረድሩልናል። እንጨት የሚፈልጠው ሰውዬ ላቡን ሊጠርግ ገታ አለ፣ ፈለጣውን ቀጠለ። ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ በመስኮት ልታይ ቀና አለች፣ ስፌቷን ቀጠለች። ደብዳቤ የሚጽፈው ቃል ጠፍቶበት ብዕሩን አነሣ፣ አሰበ፣ መጻፉን ቀጠለ። ወይ ጉድ፣ ሁሉም ይቀጥላል! ቆሞ ቡና የሚጠራ እንኳ የለባቸውም።

ይሄ ሒሳብ የሚያስተምረው ጥሩሰው ያን ጊዜ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። «ገበሬው እየቆፈረ ሳለ ጎረቤቱን ሰላም ሊል ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያም መቆፈሩን ቀጠለ» የሚለውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልስ ተባለ። ተነሣና «ገበሬው ጎረቤቱን ሰላም ሊል ቆመ፤ ከዚያም መሸ» አለ።

«መሸ የሚለውን የት አየኸው?»

«ጋሼ፣ ጎረቤቱ እኮ ነው! ስለ ላሙ ሳይጠይቀው ሊቆፍር ነው?»

«እንግሊዝ አይጠይቅም!»

«እንግዲያው ተጣልተዋል ማለት ነው።»

ዜሮ ሰጡት። ጥሩሰው፣ እስከ ዛሬ ልክ ነበርኩ እያልክ ትከራከራለህ። ልክ ነበርክ፤ ምስክር አለኝ። ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝና እሱን ልንገራችሁ።

በ1947 ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ስላረፈ ኃላፊነታችን በአጎቴ በሽብሩ እጅ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው፣ አጎቴ ከቦኖሻ መጥቶ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። ለምን እንደመጣ አውቄአለሁ። ዳምቦያ ላሉ ሰዎች ልትዳሪ ነው ብላ እናቴ ከሳምንት በፊት እያለቀሰች ነግራኛለች። ደብተሬን ዘጋሁት።

ጋሼ ዳኘ መጀመሪያ አጎቴን አዩ፣ ቀጥሎ እኔንና የተዘጋውን ደብተሬን አዩ። ከዚያ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ላይ ነበር። ወይፈን ያላቆማቸው ሰውዬ ወደ በሩ ሄዱ፣ የአጎቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና በዚያ በተሰባበረ ሃዲይኛቸው «እንዴት ዋሉ?» አሉ።

አጎቴም እንደ ወጉ «ደህና ነኝ» አለ። «ቤተሰቡስ?» ደህና ነው። «እንሰቱስ?» ደህና ነው። «ቦኖሻ ዝናብ ጣለ?» ትንሽ ጣለ። አጎቴ «እኔ እንኳ የመጣሁት...» ሲል «ጥቁሯ ላምስ ወለደች?» አሉት።

«ጥቁር ላም እንዳለኝ በምን ዐወቁ?»

«ቦኖሻ ጥቁር ላም የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

አጎቴ ሳቀ። ላሟ መውለዱንስ አልወለደችም፤ ስለ ሕመሟ ማውራት ጀመረ። ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። እኛ በመስኮት ተደራርበን እናያለን። የአጎቴ ሰው አክባሪነት እንደምታውቁት ነው፤ እየጠየቀው ያለን ሰው አቋርጦ ጉዳዩን አይናገርም። «እኔ የመጣሁት» ባለ ቁጥር አንድ ከብት፣ አንድ አክስት፣ አንድ አማች ይጠየቃል። ደወል ተደወለ፣ ሌላ ክፍለ ጊዜ ገባ፣ ምሳ ሆነ። ምሳውንም እቤታቸው ወስደው አበሉት፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፊት ምስክር ናቸው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አጎቴ መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሣ። ያን ጊዜ ጋሼ ዳኘ «ጵርስቅላ በሰኔ ፈተና አላት። ጎበዝ ናት፤ አባቷ አደራ ብሎኛል» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም። አጎቴ «እንግዲያው ፈተናው ይለፍ» አለና ሄደ።

በግንቦትም መጣ፤ ጠመኔው ተቀመጠ፣ ላሟ ተጠየቀች። የዳምቦያዎቹ መጠበቅ ሰለቻቸውና ሌላ ሙሽራ አገኙ። እኔ ፈተናዬን አለፍኩ፣ ቀጠልኩ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ተመልሼም ከእርስዎ ጎን ክፍል ተሰጠኝ። ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ስለዚያ ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም አፍሬ አላመሰገንኩዎትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእንጀራዬም የክብሬም መነሻ እርስዎ ነዎት። ኧረ አያልቅሱ፣ እኔንም ያስለቅሱኛል!

አጎቴ ሽብሩ ይኸው፣ እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ከቦኖሻ በአውቶቡስ መጣ። መናኸሪያ ስቀበለው «መምህሩን እንዲህ በይልኝ» አለኝ፦ «ያን ዕለት ጉዳዬን ሳልናገር በመመለሴ መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ተናድጄ ነበር። አሁን ግን የልጅቷን ደብዳቤ ለመንደሩ የማስነብበው እኔ ነኝ። እንኳንም አላስናገሩኝ።»

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቆአችሁን አንሡ! ጠጅ የምትጠጡ በጠጅ፣ እኛ ጴንጤዎቹ በብርዝ። ጋሼ ዳኘ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ከወይዘሮ ትርፊት ጋር በሰላም፣ በፍቅር ያኑርዎት፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎት። ሰኞ ጠዋት ክፍልዎን የምረከበው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ሴት ልጆች አሉበት፤ የሁሉንም አጎት ስም ከወዲሁ አጥንቻለሁ። አሥራ አንዱም ለሰኔ ፈተና ይቀመጣሉ፤ በእርስዎ ፊት ቃሌ ነው።

ለጋሼ ዳኘ!