ግራውን አውልቁ

— ሄሎ? … አቤት፣ የጉባኤው እንግዶች አስተናባሪ ነኝ፣ ምን ልታ— … ማሙሽ? አንተ ነህ? ቁጥሩን ሳላይ ነው ያነሳሁት። … እመጣለሁ አልኩህ እኮ። ጠዋትም እመጣለሁ ብዬሃለሁ፣ አሁንም እመጣለሁ። … ሆቴል ነኛ! ሎቢው ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ። … ባጅ እየሰጠሁ። … ምን አሉ? "አባቷ ሞቶ ሴት ልጁ የት ናት" አሉ? … ይበሉ። የሰው አፍ በምን ይዘጋል።

— ቆይ አንዴ። … አንቺ፣ ለእኒህ ሴትዮ የእራቱን ካርድ ስጫቸው። ሰማያዊውን! ነጩ የጀልባ ነው። … ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— ማን መጣ? … የምን አውቶቡስ? … ነጭ? ጎኑ ላይ የጉባኤው ወረቀት የተለጠፈበት? … አይደለም። የኔ ሊሆን አይችልም። እኔ እኮ ሰርዤዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልክህን እንደዘጋሁ እስክሪብቶ አንስቼ፣ "አራተኛ ማረፊያ፣ የጫማ ሠሪው ቤት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ" የሚለውን ሰረዝኩት። ይኸው ፊቴ ነው ወረቀቱ። ሁለት ጊዜ ነው የሰረዝኩት። … … የማን ወረቀት ላይ?

— … የኔ ላይ። የኔ ላይ ብቻ ነው የሰረዝኩት፣ ማሙሽ።

— አልነገርኩትም። ለሾፌሩ አልነገርኩትም። … ብነግረውስ! አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ጭኖ አባባ በር ላይ ቆሟል፣ አንድ ቀን ወረቀት አንብቦ ያውቃል? "መሪው ራሱ ያዞረኛል" አይደል የሚለው። … አብሮት ያለው አዲስ አስጎብኚ ነው። እኔ ከጠረጴዛው አልነሳም ስላልኩ እሱ ወጣ። አባባን አያውቀውም። … አርባ ናቸው፣ አዎ። የልብ ሐኪሞች። … ሳቅክ እንዴ? … የሳቅክ መስሎኝ። … እኔም አስቤዋለሁ። ጠዋት አንድ ጠፍቶ፣ አሁን አርባ የልብ ሐኪም ግቢያችን ቆሟል።

— ቀስ ብለህ ንገረኝ። አትጩህ፣ ብትጮህም ምንም አይሰማኝም። … ፎቶ? ማንን ነው የሚያነሱት? … አክስታችንን? … ስታለቅስ? … እነሱ ምን ያውቃሉ፣ ወንድሜ። ትናንት በየሄዱበት ሲዘፈንላቸው ነው የዋሉት፤ ዛሬ ግቢ ሙሉ ሰው ሲያለቅስ ቢያዩ ይሄም የተዘጋጀላቸው መሰላቸው። … ይገባኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጥህ ይሻልሃል። ግን አታባርራቸው። አክስታችንን ወደ ውስጥ አስገባት፣ እነሱን ግን አታባርራቸው።

— ምን አደረጉ? … እስቲ ድገምልኝ። … ጫማቸውን? … ሁሉም? … አንድ አንድ ጫማ። … የግራውን።

— እኔ ነኛ የጻፍኩላቸው። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ፣ "እዚህ ቤት ሲገባ የግራ ጫማ ይወልቃል" ብዬ። አባባ ምን ነበር የሚላቸው? "ግራውን አውልቁ፣ ቀኙ ለመሄጃ ይቆያችሁ።" ከዚያ የአንዱን እግር ወረቀት ላይ አስቁሞ በእርሳስ ሲዞረው፣ እነሱ ሲስቁ፣ እኔ ሳስተረጉም፣ ሃያ አምስት ደቂቃው ያልቃል። … እኛስ ብንሆን ከትምህርት ቤት ስንመጣ መቼ በሁለት ጫማ ገብተን እናውቃለን? እግራችንን በመዳፉ ይዞ "አደገ፣ አላደገም" ሳይል ምሳ የለም። … አዎ። ያንተ ሁልጊዜ ያድግ ነበር።

— ቆይ። … ጀልባው አሥር ሰዓት ላይ ነው በይልኝ ሰውየውን። … አይ፣ ቢዘንብም አይቀርም። ዣንጥላ እኛ ጋ አለ። … ሄሎ?

— ዣንጥላ፣ አዎ። ስለ ዣንጥላ ነው የማወራው፣ ሌላ ስለምን ላውራ? … ይሁን፣ ድንጋይ ነኝ። እንባዬ እምቢ ካለኝ ከየት ላምጣው? ጠዋት እጄን ቆንጥጬ አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለው።

— አንድ ነገር ልጠይቅህ። … ስታገኘው ምን ለብሶ ነበር? … ሽርጡን። አዲሱን? … ተላጭቷል? … እርሳሱስ? … ተቀርጾ። … ለምንም አይደለም። … ማታ ደውዬለት ነበር። "ነገ እንኳ ቢቀርብኝ፣ ደክሞኛል" አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለህ? "ሃያ አምስት ደቂቃ እኮ ናት፣ አባባ።" … እሺ አለኝ። እሱ መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል! … "ቀኑ ደርሶ ነው" አትበለኝ፣ ማሙሽ። እሱን ጎረቤት ይበለኝ፣ አንተ አትበለኝ። … ለዚህ ነው የማልመጣው። እዚህ እስከቆምኩ ድረስ ተላጭቶ፣ ሽርጡን አድርጎ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ከመጣሁ ግን አየዋለሁ። ፈርቻለሁ።

— እስቲ ስልኩን ለአስጎብኚው ስጠው። … ስጠው ግድ የለህም፣ አልቆጣውም። … ሄሎ? … እኔ ነኝ። አትደንግጥ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። … ከየት ታውቃለህ፣ ለማንም አልተናገርኩም። … አሁን የምልህን እንዳለ በቋንቋቸው ንገራቸው። "ይህ የጫማ ሠሪው ቤት ነው። ጫማ ሠሪው ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። በር ላይ የቆመው ልጃቸው ነው። የሚያለቅሱት እህታቸው ናቸው፤ የቀሩት ጎረቤት ናቸው።" … ሌላ ምንም አትጨምር። … እጠብቅሃለሁ፣ ንገራቸው።

— … … ጨረስክ? … አንዷ አሮጊት ሐኪም ጠየቁ? ምን ብለው? … ሌላ ልጅ የላቸውም ወይ? … አላቸው። ሴት ልጅ አለቻቸው። … … ሥራ ላይ ናት በላቸው።

— ማሙሽ? ምን እያደረጉ ነው? … ስልካቸውን ከተቱ። … ጫማቸውን አደረጉ? … አላደረጉም? … አግዳሚው ላይ? ከሰዉ ጋር? … እንዲሁ በአንድ እግር ካልሲ? … አሮጊቷ ሐኪም የአክስታችንን እጅ ይዘው። … እሺ። … ተዋቸው በቃ፣ ይቀመጡ። ማንም እንዳይናገራቸው።

— ምን አልሽኝ? … አንተን አይደለም፣ ማሙሽ። … የምን ጫማ? … ጠረጴዛው ሥር? … የማን ነው እሱ?

— የኔ ነው። … የግራ እግሬ ባዶውን ነው። … እኔ እንጃ። መቼ እንዳወለቅኩት እኔ እንጃ፤ ጠዋት ስትነግረኝ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ጫማ ቆሜ ባጅ ሳድል አንድ ሰው አልነገረኝም። … አይ፣ አላለቀስኩም። ወለሉ ይቀዘቅዛል። አሁን ገና ተሰማኝ። በጣም ይቀዘቅዛል፣ ማሙሽ።

— ሾፌሩ እዚያው ነው? … መኪናውን ባዶውን ይዞ ይምጣ በለው። ወደኔ። አሁን። … ወረቀት አያስፈልገውም። … አንቺ፣ ጠረጴዛውን ያዢልኝ። ሰማያዊው የእራት፣ ነጩ የጀልባ። … አይ፣ ተይው እዚያው፣ አላደርገውም። በር ላይ መልሼ ለማወልቀው ነገር! … ቀኙ አለኝ። ቀኙ ለመሄጃ ይበቃል።

— ሄሎ? ማሙሽ፣ አለህ? … ወደ ውስጥ ግባና ለአባባ ጆሮው ሥር ንገረው። … አይሰማም አትበለኝ፣ ዝም ብለህ ንገረው። … መጣች በለው። ግራውን አውልቃ መጣች በለው። … እሺ። ዝጋው፣ መጣሁ።