ለአበባ ጠጠር ያበላ ሰው

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የአትክልት ቦታው ባልደረቦች፤ ጋሼን ወደ መቃብሩ ልትሸኙት ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ። ሥራ አስኪያጃችን፣ ያው ከፊት የቆሙት፣ «አጭር አድርገው፤ መሥሪያ ቤቱንም አንሳ» ብለውኛል። እሺ፣ አነሳዋለሁ።

ይህ ሰው ማን ነበር? አትክልተኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ተንበርክኮ የሠራ። ያቺን መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ከጣት የማትረዝም ሐምራዊ አበባ በድንጋዮቹ ስንጥቅ የተከላት እሱ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ከዚያው ሥሯ ታብባለች። ምን ትፈልጋለች? ጠጠር፣ ፀሐይ፣ እና የሚተዋት ሰው።

እኛ ደግሞ መተው አናውቅም!

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን እንግዶች ይዘው መጡ። አበባዋ የምታርፍበት ወቅት ነበርና ጠውልጋለች። «ይቺ ምነው ከሳች?» አሉ። «ተኝታ ነው ጌታዬ» አላቸው አትክልተኛው። ሳቁ። እንግዶቹም ሳቁ፤ እንግዳ ምን ያድርግ? በማግስቱ ታዘዘ፦ ጥቁር አፈር፣ ፍግ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ። እሱ ፍጉን በባልዲ እያወጣ ጠጠሩን መለሰ። ሦስት ጊዜ! ከዚያ ኮሚቴ ተቀመጠለት። አምስት ሰው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። «ለአበባ ጠጠር የሚያበላ፣ ሥራውን የማያውቅ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በር ጠባቂ አደረጉት። ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ነከሰ ይባላል፤ ጅብስ ርቦት ነው።

ፍጉም ውኃውም ተመለሰ፤ አበባዋ በሃያ ቀን በሰበሰች። ሥራ አስኪያጃችን ምን አሉ? «ድሮም ዘሯ ደካማ ነው።» ከዚያ የፕላስቲክ አበባ አስገዝተው ድንጋዩ ላይ አስለጠፉ። በሙጫ! አትክልት ቦታ ውስጥ! ጎብኚ «አበባው የት ነው?» ሲለው እሱ ከበሩ ላይ በጣቱ ያሳይ ነበር።

ዛሬ ሥራ አስኪያጃችን «የተቋማችን ዓይን» የሚል የአበባ ጉንጉን ጥብጣብ ይዘው መጥተዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሴት ልጁ ትናንት ቢሮ ሄዳ ጥብጣብ አልለመነችም። «ሥራውን የማያውቅ የሚለውን ሰርዙልኝ፤ አባቴ በዚያ ስም አይቀበር» አለች። «ይታያል» አሏት።

እህቴ፣ ኮሚቴው በተቀመጠ ቀን አምስት እጅ ነው የወጣው። አንዱ ይሄ ነው። የሠራተኛ ተወካይ ተብዬው እኔ ነኝ። እውነቱን አውቅ ነበር። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር እጄን አወጣሁ። አዎ፣ ለምሳ! ከሥራ አስኪያጃችንም እኔ እብሳለሁ።

ጋሼ፣ ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን የቀሩት አራቱ የኮሚቴ አባላትም እዚሁ ቆመዋል፤ ይስሙ። ሥራህን ታውቅ ነበር። ደህና ሁን።