ሦስተኛው እምቢልታ

በጎሬም በመቱም ለስንቱ ሹም፣ ከስንቱ ነፊ ጋር እምቢልታ ነፍቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ደንግጬ አላውቅም። እምቢልታ መቼም በአንድ ሰው አይሆንም፤ ሦስት ነፊዎች በየተራ ድምፃቸውን ሲቀባበሉ ነው ዜማ የሚወጣው። ሦስተኛው ነፊያችን፣ ባልንጀራችን ወልዴ ሞተና ለቅሶው ላይ ሁለታችን ቆመን፣ ጉድለቱ ይሰማ ብለን የሱን ተራ ባዶ እየተውን ነፋን። ወዲያው በባዶው ላይ የወልዴ ድምፅ ገባ! “ያ ዋቃዮ!” ብሎ ጓደኛዬ በኦሮምኛ አምላኩን ጠራ። ዞር ስንል ሚስቱ እትዬ አስካለ ናቸው፣ የባላቸውን እምቢልታ ከንፈራቸው ላይ ደግነው። ሴት እምቢልታ ስትነፋ ማን አይቶ ያውቃል?

“እትዬ፣ መቼ ተማሩት?” አልኳቸው።

“ብቻውን ይለማመድ ነበር እንዴ? እቤት የናንተን የሁለታችሁን ተራ ስነፋለት ነው የኖርኩት። የሱን የነፋሁት ገና ዛሬ ነው።”