የሠርጉ ቅባት

ከዲላ ወደ ፍስሐ ገነት በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ሻርፗን ከፊቷ ስታነሳ፣ አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀልቶ የተላጠ ፊቷን አይተው ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ እሳት ነው?»

«የሚያቀላ ቅባት ነው፣ እማማ። ለሠርጌ ብዬ።»

«ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ዋልሽ?»

«ቡና ማድረቂያ ላይ ነው የምሠራው፤ የት ልሸሸግ?»

«ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ!»

«እዚያ ከታየሁ እጮኛዬ ይሰማል።»

«ይስማ! ቀይ ሁኚ ያለሽ እሱ ነው?»

«አላለኝም። ጓደኞቹ ‹ፀሐይ አጠቆራት› ሲሉ ግን አብሮ ሳቀ።»

«አሁንስ ቅባቱን ተውሽው?»

«ዛሬ ጠዋትም ተቀብቻለሁ። ሻጯ ‹ከተላጠ እየሠራ ነው› ብላኛለች።»

ለተማሪዎቼ ስለ ቆዳ ለማስተማር የሣልኩት ትልቅ ሥዕል ጉልበቴ ላይ ተጠቅልሎ እንዳለ፣ ከምን ልጀምርላት ስል መውረጃዬን አለፍኩት።